ባሕር ዳር ላይ ሴት ፖሊስ መሆን፦ እናቴ እምቢ ብላኛለች፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ደንገል_22 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ነው ተወልጄ ያደግኩት፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ። ዕድሜዬ 22 ነው። በሶሲዮሎጂ ከተመረቅኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ አሁን አክስቴ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ፖሊስ ለመሆን መመዝገብ እፈልጋለሁ። ሥራ ስላጣሁ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ጥምቀት ላይ ነው። ታቦቱ ወደሚያድርበት ቦታ ስንገባ የሴቶች ፍተሻ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። የወንዶቹ ሰልፍ ፈታሹ ብዙ ስለሆነ ይሄዳል። እኛ ጋ ሁለት ሴት ፖሊሶች ብቻ ነበሩ፣ ሰልፉ አስፋልት ድረስ ወጥቷል። ከፊቴ አንዲት እናት ነበሩ፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ ማንም እንዲነካቸው እንደማይፈልጉ ያስታውቃሉ። ፖሊሷ ቀጥታ አልፈተሸቻቸውም። መጀመሪያ «እማማ እንኳን አደረሰዎት» አለች። ከዚያ ሁለት እጇን ፈተግ ፈተግ አድርጋ አሞቀች። ገና ማለዳ ነው፣ ብርድ ነበር፣ እጇ እንዳይቀዘቅዝባቸው ነው። ፈትሻ ስትጨርስ ነጠላቸውን መልሳ አስተካክላ አለበሰቻቸው። እሳቸውም መርቀዋት ገቡ። እኔ ያን ቀን ሙሉ ስለ ታቦቱ ሳይሆን ስለ ልጅቷ እጅ ሳስብ ዋልኩ።

እናቴ ግን «እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም» ብላለች። ጊዜው ክፉ ነው ትላለች፣ እውነቷን ነው። ባል አታገኝም ብላም ትጨነቃለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚለው። «ሴት ፖሊስ የሚፈልጉት ሴት ለመፈተሽና ለሴቶችና ሕፃናት ክፍል ነው፣ አንዴ ከገባሽ እዚያው ትቀሪያለሽ» ይለኛል። ከሁሉም በላይ የያዘኝ ይሄ ነው። እውነት ነው? በሥራው ያለፋችሁ ወይም የምታውቁ ንገሩኝ። ሳታሳምሩ።

የሃምሳ_አለቃዋ_ልጅ

እህቴ፣ እናቴ በደርግ ጊዜ እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊስ ነበረች። ሃምሳ አለቃ ሆና ነው የወጣችው። ስለዚህ የቤቱን በኩል ልንገርሽ።

ትዝ የሚለኝ የከሰል ካውያው ነው። ማታ ማታ ካኪውን ስትተኩስ ቤቱ ሁሉ የከሰልና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ይሸታል። ጠዋት ግን ያን የተተኮሰ ልብስ ለብሳው አትወጣም ነበር። አጣጥፋ ዘንቢል ውስጥ ታስገባዋለች፣ ከላይ ጎመን ወይም ሽንኩርት ጣል ታደርግበታለች፣ በሐበሻ ቀሚስ ወጥታ ጣቢያ ስትደርስ ትቀይራለች። የተከራየንበት ግቢ ሰው ደንብ ልብስ ሲያይ ይሸሽ ነበር። ያ ጊዜ ምን እንደሚመስል ታላላቆችሽን ጠይቂ። ልጆቹ ከእኛ ጋር መጫወት እንዳያቆሙ ብላ ነው የደበቀችው። ይህን የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ከማዕረጓ ከፍ ያላለችው ሥራ ስላልቻለች አይደለም። ለዕድገት ኮርስ ሌላ ከተማ ሄዶ ወራት መቀመጥ ያስፈልግ ነበር፣ እኛ ደግሞ ሦስት ነን፣ አባታችን የለም። ሁለት ጊዜ ስሟ ወጣ፣ ሁለቴም ቀረች። አብረዋት የተቀጠሩት ወንዶች ልጅ የሚይዝላቸው ሰው ቤት ውስጥ ስለነበር ሄዱ። እናትሽን አትቆጫት። «ባል» ስትል ምናልባት ይህንንም ማለቷ ይሆናል፣ ልጅሽን ማን ይይዝልሻል ማለቷ። አስረጂያት እንጂ ሳትነግሪያት እንዳትመዘገቢ።

ሕግ_አንባቢ

የወንድምሽ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ባሕር ዳር ላይ አይጀምርም። እኔ ጠበቃ ነኝ፣ የፖሊስ ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝምብሽ።

በየአገሩ ሴቶች ወደ ፖሊስ የገቡት በአንድ በር ነው። እሱም «ለሴትና ለልጅ ሴት ትሻላለች» የሚለው በር ነው። ሄንሪየት አረንት የምትባል ጀርመናዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1903 ሽቱትጋርት ላይ ስትቀጠር ሥራዋ የተያዙ ሴቶችን መንከባከብ ነበር። በ1910 ሎስ አንጀለስ ላይ አሊስ ስቴቢንስ ዌልስ ራሷ አመልክታ ፖሊስ ሆነች። የተሰጣት ሥራ የጭፈራ ቤትና የሲኒማ ቤት ቁጥጥር፣ እንዲሁም የልጃገረዶች ጉዳይ ነው። የእሷ ታሪክ ውስጥ የማልረሳው ነገር አለ። ፖሊስ በከተማው ባቡር በነፃ ይሳፈር ነበር። እሷ ባጇን ስታሳይ ትኬት ቆራጩ «የባልሽን ባጅ ይዘሽ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ «የሴት ፖሊስ» ተብሎ የተጻፈበት ቁጥር 1 ባጅ ተሠራላት። ይታይሽ፣ ባጁ ችግሩን ፈታ፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፖሊስ» ሳይሆን «ሴት ፖሊስ» ሆነች።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ኢዲት ስሚዝ አለች፣ አዋላጅ የነበረች፣ ባሏ የሞተባት። በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ግራንታም የምትባል ከተማ አጠገብ ትልቅ የጦር ካምፕ ሲከፈት ሰው የማሰር ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቷት ሥራ ጀመረች። በአገሪቱ ያን ሥልጣን በማግኘት የመጀመሪያዋ ናት። ለንደን ላይ በ1919 የተቀጠሩት ሴቶች ግን ደንብ ልብስ ለብሰው፣ መንገድ እየጠበቁ፣ የማሰር ሥልጣን አልነበራቸውም። እሱን ያገኙት በ1923 ነው። በመሃል፣ በ1922፣ መንግሥት ወጪ ልቀንስ ሲል ይበተኑ ከተባሉት ውስጥ እነሱ ነበሩ፣ ጥቂቶቹ ናቸው የተረፉት። «ተጨማሪ» ተብሎ የገባ ሰው በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ነጥብ። ዌልስ ከተቀጠረች 58 ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሁለት ሴቶች ቤቲ ብላንከንሺፕና ኤሊዛቤት ኮፋል እንደ ማንኛውም ፖሊስ የፓትሮል መኪና ተሰጣቸው። 58 ዓመት! በሩ ተከፍቶ ከበሩ ጀርባ አጥር ነበር ማለት ነው። ለንደንም የሴቶቹን የተለየ ክፍል አፍርሳ ከዋናው ጋር የቀላቀለችው በ1973 ነው።

ግን ሌላም ገጽ አለው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1985 ሳኦ ፓውሎ ላይ በሴቶች የሚሠራ፣ ለሴቶች ብቻ የሆነ ፖሊስ ጣቢያ ስትከፍት ምክንያቱ ሴት ተደብድባ ስትመጣ ወንዶቹ «የቤት ጉዳይ ነው» ብለው ይመልሷት ስለነበር ነው። ላይቤሪያ ከጦርነቱ በኋላ ሰላም አስከባሪ ሆኖ ከሕንድ የመጣው የሴቶች ብቻ የፖሊስ ክፍል በ2007 ከ100 በላይ ሴቶች ይዞ ገባ። እነሱ የሴቶች ጉዳይ ላይ አልተቀመጡም። ሙሉ ትጥቅ ይዘው አድማ ይበትኑ፣ ሌሊት ይጠብቁ ነበር። የዋና ከተማዋ የሞንሮቪያ ልጃገረዶችም ያዩት ያንን ነው።

የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴት በሥራ ቦታ እኩል መብት እንዳላት፣ የወሊድ ፈቃድም ከነሙሉ ደሞዝ እንደሚገባት ይናገራል። ይህን የምነግርሽ ወረቀቱ ብቻውን ይበቃሻል ብዬ አይደለም። ስትጠይቂ «ውለታ» እየጠየቅሽ እንዳይመስልሽ ነው።

ባለባጃጅ_ቀበሌ14

እኔ ሳልደባብቅ ልናገር። ሴት ፖሊስ አከብራለሁ። ግን ማታ ሰካራም ጩቤ ይዞ ሲመጣ ምን ታደርጋለች? እኔ ባጃጅ ስነዳ ሁለቴ ተዘርፌአለሁ። የሚደርስልኝ ጉልበት ያለው ሰው ነው የምፈልገው። ለእህቴም ብትሆን ይሄን ሥራ አልመኝላትም።

ጡረተኛዋ

ልጄ ደንገል፣ ዛሬ ልጄ ናት ይህን ያሳየችኝ፣ እኔ እየተናገርኩ እሷ ናት የምትጽፈው። 24 ዓመት ሠርቼ ነው በ2013 ዓ.ም. ጡረታ የወጣሁት። የገባሁት በ1989 ነው፣ ያኔ እንዳንቺ ነበርኩ።

መጀመሪያ ለባለባጃጁ ልጄ። የተዘረፍከው ያሳዝናል። ጩቤ የያዘ ሰው ላይ ግን ወንዱም ብቻውን አይሄድም፣ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሄደው፣ ትምህርቱም ይሄው ነው። እኔ በ24 ዓመት ውስጥ ብዙ ሰካራም ይዣለሁ። አብዛኛው በአፍ ነው የሚያዘው። አንዱን ሰፈሩን የማውቀው ልጅ ድንጋይ ይዞ ቆሞ «የእናትህን ስም ልጥራ እንዴ?» ብዬው ድንጋዩን ጥሎታል። ሁሌ ይሠራል አልልህም። አንዴ ክንዴ ተሰብሯል፣ ብርድ ሲሆን እስካሁን ይነግረኛል። ባልደረባዬ ወንዱም የዚያን ቀን ጥርሱ ወልቋል።

አሁን ወደ አንቺ። ወንድምሽ እውነቱን ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገረሽ።

ያኔ እኔ በገባሁ ጊዜ አንድ ሰው ልጅ ጠልፎ ከወሰደ በኋላ ካገባት ነገሩ ያበቃ ነበር። የድሮው የ1949 ሕግ እንደዚያ ነው። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ይመጣሉ፣ «ታርቀናል፣ ልጅቷም ተድራለች» ይላሉ፣ መዝገቡ ይዘጋል። ልጅቷን «አንቺስ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አያለሁ፣ ገና ኮንስታብል ነኝ፣ ምን ልበል። በ1997 አዲሱ የወንጀል ሕግ ወጣ። አንቀጽ 587። ጠልፎ ቢያገባትም ከወንጀሉ አያመልጥም ይላል። እኔ ያችን ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነስቼ በደረት ኪሴ ይዤ ነበር የምዞረው። ቀጥሎ ሽማግሌ ሲመጣ አንብቤላቸዋለሁ። አንዱ አባት «ልጄ፣ ይሄ ያገራችን ወግ እኮ ነው» አሉኝ። «አባቴ፣ እኔም ያገሬ ልጅ ነኝ፣ ወጉን አውቀዋለሁ፣ ልጅቷን ግን ልጠይቃት» አልኳቸው። ብዙ አልተጨቃጨቁም፣ ቁጭ ብለው ጠበቁ።

አንዷን ልንገርሽ። ስሟንም ሰፈሯንም አልነግርሽም። ክረምት ነው፣ ሌሊት ሊሆን ሲል፣ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ጣቢያ ገባች። በዝናብ ራሳለች። ተረኛው ልጅ መጥፎ ሰው አይደለም፣ ግን መዝገቡን ገልጦ «ስም? ዕድሜ? ቀበሌ?» ይላታል። ነጠላዋን ነክሳ ዝም። ከቤት ተጠርቼ መጣሁ። ባጃጅ የለም፣ በእግሬ። ስደርስ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ መውደቅ የምትፈልግ ነው የምትመስለው። ወንበር አላመጣሁም። ወለሉ ላይ ከእግሯ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሻይ አስመጣሁ፣ ስኳሩን አበዛሁት። አንድ ሰዓት ተኩል ምንም አልጠየቅኳትም። መጀመሪያ ያለችኝ ምን መሰለሽ? «ጫማዬን አንዱን ጎርፍ ወሰደው» ነው። የራሴን አወለቅኩላት፣ ሰፋት። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረችኝ፣ ከገበያ ስትመለስ የያዟትን፣ ስንት እንደነበሩ፣ የሸሸችበትን መንገድ፣ ሁሉንም።

ያን ሌሊት ልብሷን እንድታጥብ አልተውናትም። ፌስታል ውስጥም አላስገባንም። እርጥብ ነገር ፌስታል ውስጥ ይሻግታል፣ ማስረጃው ይበላሻል። ካኪ ፖስታ ቀዳድጄ ጠቀለልኩት። ሳይነጋ ሆስፒታል አደረስናት። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። የእርግዝና መከላከያውም እንዲሁ ጊዜ አለው፣ ከአምስት ቀን አያልፍም። ይህን የምትሰሙ ሴቶች ሁሉ ያዙት፣ ጣቢያ ለመሄድ ብትፈሩ እንኳ ሆስፒታል ሂዱ። ሰውዬው ተፈረደበት። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳለች። እኔን ስታገኘኝ መንገድ ተሻግራ ነው የምትስመኝ።

እና የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ትንሽ ሥራ ነው የሚልሽ ካለ አትስሚው። በጣቢያው ውስጥ ከባዱ ሥራ ነው። መዝገቡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጎረቤትሽ ነው። ማታ ይዘሽው ነው የምትገቢው።

አጥሩ ግን አለ። ሕግ አንባቢ ያለው ልክ ነው። 11 ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። ወንጀል ምርመራ ውስጥ ስርቆትና ነፍስ ግድያ መሥራት እችል ነበር፣ ጠየቅኩ፣ «አንቺ ከሄድሽ ማን ይተካሻል?» ተባልኩ። በደንብ መሥራቴ አሰረኝ። እንግዳ ሲመጣ ቡናውን የማፈላው እኔ፣ ስብሰባ ላይ ወረቀት የማድለው እኔ። ለሴት የተለየ ሽንት ቤት ለዓመታት አልነበረንም፣ ጎረቤት ምግብ ቤት ነበር የምንጠቀመው፣ ባለቤቷ እግዜር ይስጣት። የሁለተኛ ልጄን ፀንሼ ሰባተኛ ወር ላይ ሱሪው አልገባ አለኝ። ለነፍሰ ጡር የተሰፋ ደንብ ልብስ የለም። ገበያ ወስጄ በራሴ ገንዘብ ጎንና ጎኑን ጨርቅ አስገብቼ አሰፋሁት፣ ቀለሙ አልተገናኘም፣ አለቃዬ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «ይሄ ልጅ ነው» አልኩት። ሌላ አልተናገረኝም።

ስለዚህ ከገባሽ እንዲህ አድርጊ። ዝውውር ስትጠይቂ በቃል አትጠይቂ። ማመልከቻ ጽፈሽ መዝገብ ቤት አስገቢ፣ የገቢ ቁጥሩን ተቀበይ፣ ኮፒውን ቤትሽ አስቀምጪ። የትምህርት ዕድል ሲለጠፍ አለቃሽ እስኪነግርሽ አትጠብቂ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ራስሽ እዪ። አንቺ ዲግሪ አለሽ፣ ሰንዳፋ የፖሊስ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ከኮንስታብልነት በላይ አስቢ። ካንቺ በፊት የገባችውን ሴት ፈልገሽ ተጠጊያት። ጠመንጃ መፍታትና መግጠሙን ከወንዶቹ እኩል ተለማመጂ፣ ሮጠሽ ሩጪ፣ ማንም «ለሴት ይበቃታል» እንዳይልሽ።

የጊዜውን ነገር እናትሽ የምትለውን እኔም እለዋለሁ። ደንብ ልብስ ለብሶ መንገድ ላይ መቆም አሁን እንደ እኔ ዘመን አይደለም። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የማውቃቸውን ልጆች ቀብሬአለሁ። ይህን ሳልነግርሽ ግቢ ብልሽ ኃጢአት ይሆንብኛል። አስቢበት፣ ጊዜ ውሰጂ። ምዝገባው ዘንድሮ ቢያልፍሽ ሌላ ዓመት አለ።

የሃምሳ_አለቃዋ_ልጅ

እትዬ፣ ስለ ሱሪው የነገሩን ቤታችንን አስታወሰኝ። እናቴ የታናሽ እህቴን ጊዜ ሰፋ ያለ የወንድ ካፖርት ተውሳ ነው የሠራችው። አሁን ፎቶውን አውጥቼ አየሁት። ካፖርቱ ከጉልበቷ በታች ይወርዳል፣ እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች።

ደንገል_22

እትዬ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማታ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጫማው ጋ ስደርስ ፊቷን አዞረች። ስጨርስ ምንም አላለችም፣ ተነስታ ሽንኩርቷን መክተፍ ጀመረች። ቆይታ «ሰፋት ነው ያለችው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ ሰፋት» አልኳት። «ምስኪን» አለች።

እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ወንድሜ ግን ስለ 11 ዓመቱ ሲሰማ «አላልኩሽም?» አለ። እኔ ደግሞ አሁን ሴቶችና ሕፃናት ክፍል ብመደብ ደስ ይለኛል፣ ማመልከቻዬን ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሬ አስገባለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እናቴ ልታገኝዎ ትፈልጋለች። ራሷ ናት ያለችው። ይቻላል?

ጡረተኛዋ

ምን ችግር አለው ልጄ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ቤቱን እነግርሻለሁ። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ይዘሻት ነይ፣ ቡና አፈላለሁ። አንቺ ግን ትንሽ ቆይተሽ ወጣ በይ፣ ሁለታችን ብቻችንን የምናወራው ይኖራል።